የድሬ ፒካፕ በሐረር ጠዋት፦ መኪናህን አሳድርና ሂድ ስለሚል ጋራዥ

ቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። በባጃጅ ተቀድሜያለሁ። ባዶ ባጃጅ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ከኋላ ሦስት ሰው፣ ከሹፌሩ ጎን አንድ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ የተጠቀለለ ፍራሽ የጫነ ባጃጅ ነው። እኔ ሀይሉክስ ውስጥ ነኝ። ነዳጅ መስጫውን ከወለሉ ጋር አጣብቄዋለሁ። ማርሹ ሁለተኛ ነው። ከሐረር ወጥቼ ገና ሐማሬሳ አልደረስኩም። የባጃጁ ልጅ አጠገቤ ሲደርስ ቀስ አለና አንገቱን አውጥቶ "አቦ፣ ልግፋልህ እንዴ?" አለኝ።

ይሄ ህዳር ላይ ነው። አሁን ጥር እያለቀ ነው። በመሀል ሦስት ጋራዥ ገብቻለሁ፣ ብዙ ብር አውጥቻለሁ፣ ስለ ናፍጣ ሞተር ማወቅ ከምፈልገው በላይ አውቄያለሁ። የምጽፈው ስለ ሦስተኛው ጋራዥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስም አልጠራም። ሌቦች አይደሉም። መኪናዋን ሳያዩ አከሟት እንጂ።

መኪናዋ ባለ አንድ ጋቢና ሀይሉክስ ናት። ሞተሯ ፋይቭ ኤል የሚባለው፣ 3 ሺህ ሲሲ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ናፍጣ። ቱርቦ የላትም። ኮምፒውተር የላትም። የሚበላሽ ነገር ስለሌላት ነው የወደድኳት። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ከሚኖር ሰው ገዛኋት። ያን ቀን እንኳን ሞተሩ በሩም ያቃጥል ነበር። ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳች። ድሬ ላይ በነሐሴ የማይነሳ ናፍጣ እንደሌለ ያን ጊዜ ማን ነገረኝ።

ሥራዬ ከሐረማያ ዙሪያ ድንችና ካሮት እየሰበሰብኩ ድሬ ማውረድ ነው። ቀፊራ ገበያ ማልዶ ለደረሰ ነው ዋጋ ያለው። ስለዚህ ከሐረር ቤቴ የምወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሐማሬሳ፣ አወዳይ፣ ሐረማያ፣ አዴሌ፣ ከዚያ ደንገጎ ላይ ደርሶ ወደ ታች መንከባለል ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው፣ ሐረማያ ከዚያም ከፍ ይላል፣ ድሬ ግን 1,200 አካባቢ ነው። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከጃኬት ወደ ሽርጥ ትሸጋገራላችሁ። መኪናዋም እንደዚያው።

በሽታዋ እንዲህ ነበር። ጠዋት በስንት ልመና ትነሳለች። ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ዓይን የሚለበልብ፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ የሚሸት። ጎረቤቴ መስኮቷን መዝጋት ጀመረች። ከተነሳች በኋላ ደግሞ አቅም የላትም። ብረግጣት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። አወዳይ ድረስ ሁለተኛ፣ ቢበዛ ሦስተኛ ማርሽ። አዴሌ አካባቢ ነፍስ ትዘራለች። ደንገጎን ወርዳ ድሬ ስትገባ አንበሳ ናት። ከሰዓት ተመልሳ ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ ምንም አይታይባትም። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ሽማግሌ።

የነገርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። "ብርዱ ነው።"

እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ብርድን በስሙ እጠራዋለሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነው፣ በጥቅምት ሳሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። አጎቴ እዚያ ሃያ ዓመት አይሱዙ ነድቷል። ጠዋት ያስነሳና ቁርሱን በልቶ ይሄዳል፣ በቃ። እና የሐረር ብርድ፣ ሰው በነጠላ የሚያልፈው ብርድ፣ እንዴት አድርጎ ነው ሀይሉክስ የሚያሽመደምደው? ይሄን ጥያቄ ለሁለት ጋራዦች ጠይቄ ሁለቱም ሳቁብኝ።

የመጀመሪያው ድሬ ውስጥ ነበር። ሰውየው ገና "ጠዋት ጠዋት" ስል "ካንዴሌታ" ብሎ ቆረጠው። ካንዴሌታ ለማታውቁት፣ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በእሳት ብልጭታ አይነሳም። አየሩን 22 እጥፍ ገደማ ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀ አየር ይግላል፣ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግን ያ ሙቀት አይበቃም። ስለዚህ በየሲሊንደሩ አንዳንድ ቀጭን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። ቁልፉን በግማሽ ስታዞሩ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው የተጠማዘዘች ቢጫ መብራት የእሷ ናት። አራቱንም ቀየረልኝ። እውነት ለመናገር ማስነሳቱ ተሻለ። መስነፏ ግን ንቅንቅ አላለም። ተመልሼ ስነግረው "ይለምዳል" አለኝ። ሞተር ምን ሊለምድ ነው? ትምህርት ቤት ነው እንዴ?

ሁለተኛው ሐረር ነው። ይሄኛው ፖምፓ ይውረድ አለ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው። ፖምፓው ወርዶ፣ ተልኮ፣ በማሽን ተለክቶ፣ ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎቹም አብረው ታይተው ይመለሳል። የጠራውን ዋጋ ስሰማ ከጥቅምት ጀምሮ የሸጥኩትን ድንች በልቤ ቆጠርኩ። "ፖምፓው ቢሆን ከሰዓት ደንገጎን እንዴት ትወጣለች?" ስለው "አንተ ሜካኒክ ነህ?" አለኝ። ሄድኩ።

በዚህ መሀል የሰፈር ሐኪሞች አልጠፉም። አንዱ ሰልባትዮው፣ የናፍጣ ታንከሩ ውስጥ ላምባ ጨምርበት አለኝ፣ ናፍጣው እንዳይረጋ። አንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ጨመርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ኋላ ስሰማ ናፍጣ የሚረጋው ዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች በሚወርድበት አገር ነው፤ ሐረር ላይ ናፍጣ አይረጋም። ላምባ ደግሞ ቅባት ስለሌለው በናፍጣ ብቻ የሚለሰልሰውን ፖምፓ ይፍቀዋል። ፖምፓዬን ከሁለተኛው ጋራዥ አድኜ በራሴ እጅ ልገድለው ነበር።

ሦስተኛውን ጋራዥ የነገረኝ ጎሚስታ ነው። ሐማሬሳ በኩል ከከተማ ስትወጡ በስተግራ፣ ሰሌዳ የለውም። የተከመሩ አሮጌ ጎማዎችና በር የሌላት አንዲት ላንድሮቨር ካያችሁ እሱ ነው። ባለቤቱ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፣ ሁሉም "ጋሼ" ይለዋል። ስሙን ጠይቄም አላውቅ። ሥራ የተማረው ድሬ ምድር ባቡር ጋራዥ ነው፤ ይሄን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ካልነገራችሁ ታሟል ማለት ነው። እኔ በሸዋ ልማዴ "እርስዎ" ስለው "አቦ፣ እርስዎን ተዋት፣ በአጥር ማዶ ሆነህ የምታናግረኝ ነው የሚመስለኝ" አለ። ስለዚህ እኔም እዚህ አንቱ አልለውም።

ከሰዓት ነበር የደረስኩት። ችግሩን ዘረዘርኩለት። ኮፈኑን አልከፈተም። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና "ሞቃለች" አለ። "ከድሬ ነዋ የመጣሁት።" "እና ምን ላያት ነው? በሽታዋ ጠዋት ነው ያልከኝ። አሳድራት። ጠዋት 12 ሰዓት ና። እስክትመጣ ማንም አያስነሳትም።"

እዚህ ላይ ትንሽ ተበሳጨሁ። የአንድ ቀን ሥራዬ ሊቀር ነው። ግቢው አጥር አለው ለማለት ያስቸግራል። ሌሊት ወራባ እንደሚያልፍበትም ሰምቻለሁ። "ጅብ ጎማ ይበላል?" ብለው "ክፍያ ያልጨረሰ ሰው ጎማ ብቻ ነው የሚበላው" አለኝ። አሳደርኳት።

አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚበልጠው ሥራው ይሄ ነው። ሁለቱ ጋራዦች መኪናዋን ያዩዋት ስትሞቅ ነው። ታማሚ ትኩሳቱ ሲለቀው ሐኪም ጋ ወስዳችሁ ምን ሊያገኝ ነው?

ጠዋት ደረስኩ። እጄን ከኪሴ ማውጣት አስጠልቶኛል። ረዳቱ ልጅ ከሰል ላይ ሻይ ጥዷል። ጋሼ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቁልፉን ለእኔ መስጠት ነው። "እንደ ሁልጊዜህ አስነሳት።" አስነሳሁ። እሱ ከኋላ ሄዶ ማርሚታው አጠገብ ቆመ። ጭሱን አየ፣ አሸተተ። ነጭ ከሆነ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው፣ እንዲህ እያለ ለረዳቱ ያስተምራል። የእኔው ነጭ ነው። "ሰማያዊ አለመሆኑን አመስግን" አለኝ።

ከዚያ አጠፋትና የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዞ አፍንጫው ስር አደረገው። ለእኔም አስሸተተኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ። የቀድሞው ባለቤት ቁጥር 40 ነው ያለኝ። ጋሼ ሳቀ። "ይቺ መኪና ድሬ ነው ያደገችው።" ቁጥር 40 ለቆላ ይሆናል፣ ጠዋት ሐረር ላይ ግን እንደ ማር ይወፍራል፣ ሞተሩም በማር ውስጥ ሊሮጥ ይታገላል።

የናፍጣ ፊልትሮውን አየ፣ ከሥሩ ትንሽ ውሃ አፈሰሰ፣ መስመሩ አየር እንደማያስገባ በእጅ ፓምፑ ሞክሮ ቶሎ አለፈው። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ መሬት ላይ መታው፣ አዋራው ሁላችንንም አሳለን። ይቀየር። ካንዴሌታዎቹን በመብራት ፈተሻቸው፣ ይሠራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተናገረ፣ ስንት ወር የተንከራተትኩበት ነገር ነው።

"አልነሳ ማለት አንድ በሽታ ነው፣ ተነስቶ መስነፍ ሌላ በሽታ ነው። የመጀመሪያው ድኖልሃል። ሁለተኛውን ማንም አልነካውም።"

እንደገና አስነሳኋት። ኮፈኑን ከፍቶ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በመዳፉ ያዘው። ልክ የሕፃን ግንባር እንደሚነኩት። ቆየ። ሦስት ደቂቃ፣ አራት። ከዚያ እጄን ጎትቶ አስያዘኝ። ለብ ብሏል። "ሞተሩ ገና በረዶ ነው። ይሄ ጎማ ለምን ሞቀ?" እኔ ምን አውቃለሁ። "መሞቅ የለበትም" አለ። "በሩ ክፍት ነው።"

ሙቀት መለኪያ ቀስትህ ጠዋት የት ነው የሚቆመው ሲለኝ ደግሞ በኩራት መለስኩለት። ከታች ነቅሎ አያውቅም! ድሬ እስክገባ ድረስ ከ"ሲ"፣ ከቀዝቃዛው ምልክት አይነሳም። ለጓደኞቼ ሁሉ "ይቺ መኪና ሙቀት አታውቅም" እያልኩ ጉራ ስነዛ ነበር። ጋሼ ዝም ብሎ አየኝ። የሚያሳዝን ሰው እንደሚያዩት።

ሁለት ቡሎን ፈታ። ክዳኑን አነሳ። ውስጡ ባዶ ነው። ጓርኒሲዮን ብቻ። ቴርሞስታት የለም።

ለማያውቅ ሰው፣ ቴርሞስታት ማለት ሞተሩና ራዲያተሩ መሀል ያለች በር ጠባቂ ናት። ጡጫ የማትሞላ የነሐስና የሞላ ብረት ነገር፣ ውስጧ ሰም አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሩን ትዘጋለች፣ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና በሩን ይከፍተዋል፣ ውሃው ወደ ራዲያተር ይሄዳል። እሷ ከሌለች ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ውሃው ራዲያተር ውስጥ እየዞረ ይቀዘቅዛል። ሞተሩ የሚያመነጫትን ሙቀት ራዲያተሩ ይሰርቃታል። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ በ11 ሰዓት ሌሊት ንፋስ እየቀዘፍኩ ሽቅብ ወደ ሐረማያ።

ሞተሩ ካልሞቀ ናፍጣው ዘግይቶ ይቀጣጠላል፣ ግማሹም ሳይነድ ይወጣል። አቅም ከየት ይመጣል? ጋሼ ሌላም ጨመረ። ፖምፓው ጎን ላይ በራዲያተር ውሃ የምትሠራ ትንሽ መሣሪያ አለች፣ ሁለት ቀጭን ጎማዎች የሚገቡባት። እሷም ውስጧ ሰም አላት፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ናፍጣው ቀደም ብሎ እንዲረጭና ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ እንዲል ታደርጋለች፣ ሲሞቅ ትለቃለች። ውሃው ካልሞቀ እሷም አትለቅም። ለካ መኪናዋ አዴሌ ድረስ ገና ከአልጋዋ እንደተነሳች ነበር የምታስበው።

ከፍታውም አለ። ሐረር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ቱርቦ ያለው አየር ገፍቶ ያስገባል፣ የኔዋ በራሷ ትንፋሽ የምትኖር ናት። ያን ከጤነኛ ሞተር ብንቀንሰው ብዙም አይታወቅም። ከበረዶ ሞተር ላይ ስንቀንሰው ግን ባጃጅ ይቀድመናል።

"ማን ነው ያወጣው?" ስል ጋሼ መልስ አልሰጠኝም። "የጋቢናዋን ኪስ ፈትሸህ ታውቃለህ?" አለኝ። አልፈተሽኩም። የቀድሞው ሰውዬ ወረቀቶች፣ አንድ የተሰበረ መነጽር፣ የሞላ የስልክ ካርድ መዓት። ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለች ዝገታም ነገር። ረዳቱ ልጅ ገና ሲያያት ሳቀ። ቴርሞስታቷ ራሷ ናት።

እኔ መልሰን እንግጠማት አልኩ። ነፃ ናት እኮ! ጋሼ "ቆይ" አለና የልጁን የሻይ ድስት ከከሰሉ ላይ አነሳ። ሻዩን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠ፣ ውሃ ሞላበት፣ ቴርሞስታቷን በክር አስሮ ድስቱን እንዳትነካ አንጠለጠላት። ላይዋ ላይ 82 የሚል ቁጥር አለ፣ መከፈት የምትጀምርበት ዲግሪ ነው። ሐረር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 አካባቢ ስለሆነ ድስቱ ለፈተና ይበቃል። ውሃው ፈላ። ተንተከተከ። እሷ እንደ ድንጋይ ተዘግታ ቀረች። ደርቃለች።

ስለዚህ በቀድሞው ባለቤት ጊዜ ቴርሞስታቷን ያወጣውን የድሬ ሜካኒክ ሙሉ በሙሉ አልረግምም። ሰውየው ልክ ነበር። ቴርሞስታቷ ተዘግታ ደርቃ ሞተሩን እያፈላች ነበር፣ አወጣት። እስከዚያ ጥሩ ነው። አዲስ አለመግጠሙ ነው ችግሩ። ድሬ ላይ ያለ ቴርሞስታት መኖር ይቻላል፣ ከተማው ራሱ ያሞቃችኋል። ብዙ የቆላ መኪና እንዲህ ነው የሚነዳው፤ "ለሙቀት ጥሩ ነው" እየተባለ ይወጣል። ጋሼ ይሄን ሲሰማ ይናደዳል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቷ ስትወጣ የውስጠኛው መሻገሪያ ሳይዘጋ ስለሚቀር ግማሹ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል፣ ጭራሽ ያሞቀዋል ይላል።

እኔ ግን ፈራሁ። ጠዋት ዳነች እሺ፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ ደንገጎ ዳገት ላይ ብትፈላስ? ጋሼ ራዲያተሩን ከፍቶ በባትሪ መብራት አሳየኝ። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ኖራ የተለሰነ። የድሬን ውሃ የምታውቁት ይገባችኋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ምን እንደሚሠራ አይታችኋል። ያን ውሃ ሰውየው ለዓመታት ራዲያተር ውስጥ ጨምሮታል። "የምትፈላ መኪና ቴርሞስታቷን ሳይሆን ይሄን ነው የምታክመው።" ራዲያተሩ ወርዶ ወደ ራዲያተር ጠራጊ ሄደ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። በውሃ ፈንታ ኩላንት ገባ።

አዲሷንም ቴርሞስታት ከመግጠሙ በፊት እዚያው ድስት ውስጥ ቀቀላት። ልጁ ሻዩን ለሁለተኛ ጊዜ ገለበጠ። ይቺኛዋ ገና ሳይፈላ አፏን ከፈተች፣ አውጥቶ ሲያቀዘቅዛት ዘጋች። መለዋወጫ መደብር ውስጥ ፎርጅዱ ስለበዛ ሳይቀቅል እንደማይገጥም ነገረኝ። ዘይቱን አፍስሶ 15 ደብሊው 40 አስገባ። አጠቃላይ የከፈልኩት፣ ራዲያተር ጠራጊውን ጨምሮ፣ ለካንዴሌታ ካወጣሁት ያነሰ ነው። ለፖምፓ ከተጠራብኝ ጋር ማወዳደርማ ነውር ነው። ቁጥሩን አልጽፍም፣ የመለዋወጫ ዋጋ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል። ቴርሞስታቷ ራሷ ግን ከሁሉም ርካሿ ዕቃ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት አብሮኝ ወጣ። ቀስቱን እያየሁ ነው የምነዳው። ሐማሬሳ ሳንደርስ ተነቃነቀ። አወዳይ ስንገባ መሀል ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ቆመ፣ ከዚያም አልሄደም። ነጩ ጭስ አንድ ሁለት ደቂቃ ታይቶ ጠፋ። አራተኛ ማርሽ አስገባሁ። ተቀበለችኝ። አወዳይ ላይ ጫት ጫኞቹ እንደ ልማዳቸው ነፍስ ይዘው ሲበሩ አንዱን አልፌዋለሁ ብዬ ብምል ታምኑኛላችሁ? ቆሞ ነበር፣ ግን አልፌዋለሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ደንገጎን ስወጣ ቀስቱ ከመሀል ትንሽ ከፍ አለ። ለአራት ወር ከታች ተኝቶ ያየሁት ቀስት ስለሆነ ልቤ ቆመ። መኪናዬን ዳር አስያዝኩና ጋሼ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ ረዳቱ አነሳና "ጋሼ በርጫ ላይ ነው፤ ቀይዋ መስመር ጋ ደርሷል ወይ ብለህ ጠይቀው ብሎኛል" አለኝ። አልደረሰም። "እንግዲያው ንዳ።" ነዳሁ። ምንም አልሆነችም። ሞተር እንደዚህ ነው ለካ የሚሠራው፣ እየሞቀ።

አሁን ቅሬታዬን ላስቀምጥ፣ ጋራዡን ሳሞግሰው ዘመዴ እንዳይመስላችሁ። ከምሳ በኋላ ሰው አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ከ8 ሰዓት በኋላ መኪና ሊነካላችሁ የሚችለው ረዳቱ ብቻ ነው፣ እሱም ጋሼ ካልፈቀደለት አይነካም። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም፤ የድርጅት መኪና ከሆነ ሒሳብ ሹማችሁ ያብዳል። "ነገ" ማለት ከነገ ወዲያ ነው። ግቢው ዝናብ የመጣ ዕለት ጭቃ ነው። አዲሶቹን ኮምፒውተር ያላቸውን ፒካፖች አይነካም፣ በግልጽ "አላውቅም" ብሎ ይመልሳል። ይሄን እንኳን ከቅሬታ ልቆጥረው አልችልም።

አንድ ያላለቀ ነገርም አለ። ቬንቲሌተሩ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ። ድሬ ላይ ሙቀቱን ለማሸነፍ መሀሉን በቡሎን ቀጥታ አስረውታል፣ ስለዚህ ሞቀም ቀዘቀዘም ይዞራል። ጠዋት እንደ አውሮፕላን የምትጮኸው በዚህ ነው፣ ከአቅሟም የተወሰነ ይበላባታል። ጋሼ ማሰሪያውን ሊፈታው ሲል አየውና ተወው። ሲሞቅ ብቻ እንዲዞር የሚያደርገው ማጣመሪያ ራሱ ሞቷል፣ ብንፈታው ጭራሽ አይዞርም። ደህና ያገለገለ ማጣመሪያ እስኪገኝ በዚሁ ሂድ፣ ከመጋቢት ሙቀት በፊት ግን አምጣት ብሎኛል። ያገለገለ ፋይቭ ኤል ማጣመሪያ ያለው ሰው ካለ ከሥር ይጻፍልኝ።

መኪናችሁ ጠዋት ጠዋት የምትሰንፍ ከሆነና ቀስታችሁ እንደኔ የማይነሳ ከሆነ፣ ካንዴሌታ ከመግዛታችሁ በፊት ነገ ማለዳ አስነስታችሁ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ያዙት። ቬንቲሌተሩና ቺንጋው ጋ እጃችሁን አታስጠጉ፣ ሹራባችሁንም ሰብስቡ። ወዲያው ለብ ማለት ከጀመረ ወደ ሐማሬሳ ውጡ። ማታ ወስዳችሁ አሳድሯት። ጠዋት ስትሄዱ ረዳቱ ልጅ ሻይ ያቀርብላችኋል፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቅርንፉድ አይሰስትም። ድስቱን ግን ቀድማችሁ እዩት።